ሠላሳ በአርባ

ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሌሊቱን ውርጭ ወርዶ ነበር። አሁን ረፋዱ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ከጉና በኩል የሚመጣው ነፋስ ግን አልተወንም። ይህን ስጽፍ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቱ ደረጄ፣ በሩ ላይ ተቀምጠው ፀሐይ የሚሞቁት እናትሽ።

ለአክስቴ ልጅ፣ ከእኔ ጋር በአንድ መደብ ተኝታ ላደገችው ለትዝታ። ሰላምታዬ ካለሽበት ድረስ ይድረስሽ፤ የዛሬው ቅዱስ ሚካኤል ከክፉ ሁሉ ይጋርድሽ።

እኛ ደህና ነን። የእናትሽ ዐይን ከድሮው ብሶበታል፤ አሁን የሚለዩት ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ጉልበታቸው ግን ደህና ነው፤ ክንዴን ይዘው እዚህ ድረስ በእግራቸው ይመጣሉ። ስላንቺ ሲያወሩ ይውላሉ።

የቤዛዊት አስተማሪ የቤተሰብ ፎቶ አምጪ እንዳለቻት፣ የእኔንም ፎቶ እንድልክ ጽፈሽልኛል። “ልጅቷ መልክሽን እየረሳችው ነው” ያልሽውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ስትሄድ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ አሁን አሥራ ሦስት ሊሞላት ነው። ፍርድ ቤት ቀርቤ የጉዲፈቻውን ወረቀት የፈረምኩ ዕለት “ልጄን አንቺ አሳድጊ፣ እናትሽን እኔ እጦራለሁ” ተባብለን ነበር። እኔ በዚያ ቃል ላይ ነኝ። ለመሄጃዋ የሚሆነውን ጉርድ ፎቶ ያነሳኋትም እኔው ነበርኩ።

ሃያ ዓመት ሰው ሳነሳ ራሴን አንስቼ አላውቅም። ደረጄ “ላንሳሽ እትዬ” ቢለኝ እምቢ አልኩት፤ ሰው እያየኝ ፊቴ ሌላ ይሆናል። ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አደረግሁ፣ ሰዓቱን አሥር ሰከንድ ላይ ሞላሁና ሄጄ ዱካው ላይ ተቀመጥኩ። አሥር ሰከንድ ለካ ረጅም ነው። መጀመሪያ ነጠላዬን አስተካከልኩ፣ ቀጥሎ ስለ ቤዛዊት አሰብኩ፣ ከዚያ ተነሳ። የተነሳው ይኸውልሽ። አላማረም፤ ግን እኔ ነኝ።

አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ኔት እንደሌለን ታውቂያለሽ፤ ተራው ስልክ ግን ይሠራል። አንድ ቀን ድምፅዋን አሰሚኝ። ሌላ አልፈልግም።

እህትሽ እመቤት


ቦሎኛ፣ ኅዳር 25 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእመቤት። ባሕሩን አሻግሮ እዚህ ያደረሰኝ አምላክ እናንተንም ባላችሁበት ይጠብቅልኝ። የእናቴን ጉልበት ሳሚልኝ።

ፎቶሽ ደረሰ። እውነቱን ልንገርሽ? ደነገጥኩ። እኔ የቤተሰብ ፎቶ አልኩሽ እንጂ የእስረኛ ፎቶ ላኪልኝ አላልኩሽም። ቤዛዊት ይዛው ልትሄድ ስትል “ቆይ፣ የተሻለ ይመጣል” ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩትና እኔና እሷ ሪሚኒ ባሕር ዳር የተነሳነውን ሰጠኋት። አስተማሪዋ “መልካችሁ ቁርጥ አንድ ነው” አለችን። ሳቅን።

አንቺ ልጅ ሆነሽም እንዲህ ነበርሽ። ሰርግ ላይ ሳይቀር ጥግ ይዘሽ ፊትሽን ታጠቁሪ ነበር፤ እናቴ “ይቺ ልጅ የሞተባት ሳይኖር ታለቅሳለች” ትል ነበር፣ ታስታውሻለሽ? አሁን ሀበሻ ቀሚስሽን ልበሺ፣ ፊትሽን ቅባት ተቀቢ፣ ጥርስሽ ይታይ። ለልጅ የሚላክ ፎቶ እንዲያ ነው።

የስልኩን ነገር ደጋግመሽ አታንሺብኝ። ባለፈው ዓመት ድምፅሽን ሰምታ ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም። እኔ የማስበው ለእሷ ነው። ደብዳቤ ይበቃል፤ እሱም በእኔ በኩል።

ለእናቴ የሱፍ ሹራብ ልኬያለሁ። ውርጩ ሳይጎዳት አልብሺልኝ።

ትዝታ


ደብረ ታቦር፣ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለትዝታ። ጥምቀቱ በሰላም አለፈ፤ ለአንቺም ለልጄም በረከቱ ይድረሳችሁ። ታቦቱ ሲመለስ እናትሽን ክንዳቸውን ይዤ ቆሜ ነበር። ስላንቺ ሲለምኑ በጆሮዬ ሰማሁና አሜን አልኩ። ሹራቡ ልካቸው ነው፤ ሲተኙም አያወልቁትም።

እንዳልሽው ሀበሻ ቀሚሴን ለበስኩ። ደረጄንም “ቀልድ ንገረኝ” አልኩት።

“ቀልድ ከየት ላምጣ? እውነቱን ልንገርሽ” አለኝ። “ባለፈው አንድ ሽማግሌ ለጉርድ ፎቶ ኮት አውሱኝ ብሎ፣ እንደለበሰው ገበያ ወርዶ ውሎ መጣ። ሲመልሰው ኪሱ ውስጥ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ የተነሳው ሰው ሁሉ ፎቶው ላይ ዐይኑ ያነባል።”

ሳቅሁ። ካሜራው ግን አሥር ሰከንድ ይቆጥራል፤ ሳቅ አሥር ሰከንድ አይቆይም። ሲያነሳኝ ሳቁ አልቆ ጥርሴ ብቻ ቀርቷል። ሳየው ፈራሁት። ጥርሱ የእኔ ነው፣ ዐይኑ የማን እንደሆነ አላውቅም። ቀደድኩት።

ከዚያ በኋላ ግን መተው አቃተኝ። ቤዛዊት የሄደችው በ12 ነው፤ አሁን በየወሩ በ12 ደንበኛ ሳይመጣ ራሴን አነሳለሁ። እኔ መናገር እንደማልችል ታውቂያለሽ። ማንበብ እንኳ የተማርኩት ፎቶ ከምንጠቀልልበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው፤ ወሬው ከመሃል ይጀምራል፣ መጨረሻው የሌላ ሰው ፎቶ ተጠቅልሎበት ሄዷል። በቃል ልጽፍላት ስነሳ እንደዚያ ይሆንብኛል። ፎቶው ግን ሙሉውን ይዞት ይወጣል።

ሦስት ልኬያለሁ። በአንዱ ዱካው ላይ ተቀምጫለሁ፤ አጠገቤ ሕፃናት የምናነሳበት ቀይ የፕላስቲክ ወንበር አለ፣ ባዶውን። በሁለተኛው ጀርባዬን ሰጥቻለሁ፤ እሷን ያዘልኩት በሱ ነው። በሦስተኛው ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃ ኋላ ቆሜአለሁ፤ የሚታየው እግሬ ብቻ ነው። ፊቴ ካስፈራት በእነዚህ በሁለቱ ፊቴ የለም።

እህትሽ እመቤት


ቦሎኛ፣ መጋቢት 30 ቀን 2016 ዓ.ም.

ሰላም ለቤታችሁ። ጾሙን ያስፈጽማችሁ።

ሦስቱን ፎቶዎች ከእኔ በፊት ከፖስታ ሳጥኑ ያወጣቻቸው ቤዛዊት ናት። ክፍሏ ግድግዳ ላይ ለጠፈቻቸው። ጓደኛዋ መጥታ “ይህ ምንድን ነው?” ስትላት “የእናቴ ጀርባ ነው” አለቻት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እየሰማሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ ጠዋትና ማታ የእኔን ፊት ያየች ልጅ።

ይባስ ብሎ ራሷን ማንሳት ጀመረች። ስልኳን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ታቆማለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትነሳለች። መጋረጃ ኋላ ትቆምና እግሯን ብቻ ታነሳለች። እነዚያን ወስዳ ለሥዕል አስተማሪዋ ሰጠች። ጠሩኝ። እንደ ተከሳሽ አስቀምጠው “ልጅቷ ቤት ውስጥ ምን እየደረሰባት ነው?” አሉኝ። እኔን። እዚህ አገር ልጅ ከቤት የሚወስዱ ሰዎች አሉ፤ የሚወስዱትም ፈገግ ብለው ነው።

ምን ፈልገሽ ነው? አንቺ እዚያ አሥር ሰከንድ ታዝኛለሽ፣ ከዚያ በርሽን ዘግተሽ ትሄጃለሽ። አሥር ሰከንድሽን ዓመቱን ሙሉ የምኖረው እኔ ነኝ። የሥቃይ ፎቶ ለማን ይጠቅማል? ወረቀቱን የፈረምሽው እኮ በገዛ እጅሽ ነው፤ ማንም አላስገደደሽም። እንዲህ ጎበዝ ፎቶ አንሺ ከሆንሽ ስትፈርሚ የነበረውን ፊትሽን አንስተሽ ላኪላት። እሱን እኔ ራሴ እለጥፍላታለሁ።

ከእንግዲህ ፎቶ እንዳትልኪ። የሳጥኑን ቁልፍ ከእሷ ተቀብዬ እኔ ይዤዋለሁ።

ትዝታ


ደብረ ታቦር፣ ሚያዝያ 29 ቀን 2016 ዓ.ም.

እንኳን ለትንሣኤው አደረሰሽ። ትናንት የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ፤ ምድሩ ሸተተ።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሕማማት ነው። ስለ ፊርማው ያልሽው እውነት ነው። አባቷ ሳትወለድ ሄደ፣ ሲርባት የማበላት አልነበረኝም፣ ፈረምኩ። ያን ጊዜ ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር አላውቅም። ባውቅ እልክልሽ ነበር።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተነሳች ስትይኝ ደስ አለኝ። ይህን መጻፍ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ልጇ ስታዝን ደስ የሚላት እናት የለችም ይባላል፤ እኔ አለሁ። ሰባት ዓመት ያልኩት አንድ ነገር አልደረሳትም ነበር፤ ይህ ደረሳት። መልሳም ላከችልኝ።

በሚያዝያ 12 የተነሳሁትን ልኬያለሁ። ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ ዘቅዝቄ ነው የለበስኩት። ቤት ስገባ እናትሽ በእጃቸው ዳሰስ አድርገው አወቁብኝ።

“ማን ሞተ?”

“ማንም አልሞተም፣ እታለም።”

“ታዲያ ነጠላሽ ምን ሆኖ ነው?”

“ለቤዛዊት ፎቶ ተነስቼበት ነው።” 

“በቁሟ ላለች ልጅ ነጠላ ትዘቀዝቂያለሽ? ልታሟርቺባት ነው?” ብለው በከዘራቸው እግሬን መቱኝ። አስተካክዬ ለበስኩት። ግን ፎቶውን ተነስቼ መጥቼ ነበር። ከተነሳኋቸው ሁሉ የእኔ ነው የምለው ይህን ነው። ፊቴ ሙሉ አለ፣ ዐይኔ በቀጥታ ያያል፣ አላለቀስኩበትም። ለእሷ ስጫት። ቁልፉ አንቺ ጋ ነው፤ ይህን አውቃለሁ። እኔ ግን መላኬን አልተውም።

እመቤት


ቦሎኛ፣ ሐምሌ 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአንዲት እህቴ ለእመቤት። ክረምቱ እንዴት ያዛችሁ? እመብርሃን በብርዱም በዝናቡም ትከልላችሁ። ስለ ቆየሁብሽ ይቅር በይኝ።

በመጋቢት የጻፍኩልሽን እርሺው፤ ደክሞኝ ነበር። ብዙ አሰብኩበት። ልጅቷ እናቷን በወጉ ማየት አለባት። ነጠላ ለብሰሽ የተነሳሽው እንዳልሽው ከሁሉም ይበልጣል። ደጋግሜ አየሁት። ያስለቅሳል፣ ግን ያምራል። እንዲህ ቆንጆ እንደሆንሽ እኔ ራሴ ረስቼው ነበር።

እንግዲህ እሱን ትልቅ አድርገሽ አትሚልኝ፤ ሠላሳ በአርባ ይሁን። ከትንሹ ላይ እዚህ ባሠራው ይደበዝዛል፣ የአንቺ እጅ ይሻላል። ከደረትሽ በላይ ብቻ፣ ጀርባው ነጭ ይሁን። ደብዳቤ አብሮ አያስፈልግም፤ የሚባለውን እኔ እላታለሁ። እስከ ጳጉሜን ይድረስልኝ።

ለእንቁጣጣሽ ቤዛዊት ራሷ ትደውልልሻለች። ቃሌ ነው።

እህትሽ ትዝታ


ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእህቴ ለትዝታ። ከጠዋት ጀምሮ ጭጋግ ነው፤ ከዚህ ሆኜ ማዶ ያለው ቤት አይታየኝም። ልጆቹ የትናንቱን ቡሄ ዛሬም አልጨረሱትም፣ ጅራፋቸው ይሰማኛል። እግዚአብሔር ላንቺ የሰጠሽን ልብ አይውሰድብሽ። ደብዳቤሽን ለእናትሽ አነበብኩላቸው፤ “ልጄ ክፉ አይደለችም፣ ብቻዋን ስለሆነች ነው” አሉኝ።

ፎቶውን ይኸው ልኬያለሁ። ማተሚያው ሁለት ጊዜ አበላሸብኝ፣ አንዴ ቀለም አልቆ አንዴ መብራት ሄዶ። በሦስተኛው ወጣ። ደረጄ ከውጭ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ አየውና ባርኔጣውን አወለቀ።

“እትዬ፣ ምነው?”

“ለልጄ ነው የምልከው።”

“ሠላሳ በአርባ፣ ነጭ ጀርባ፣ አንድ ፊት። ይህን የሚያሠራ ድንኳን የሚተክል ሰው ብቻ ነው። ራስሽ ስንቱን ሠርተሻል።”

“እዚያ አገር ግድግዳው ሰፊ ነው” አልኩት።

“ይሁን። ጥቁሩን ሪባን በነጻ ልጨምርልሽ?”

እሱ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ነው፤ ይህን መጠን ሲያዙን እኛ የምንጠይቀው “ለቅሶው መቼ ነው?” ብለን ነው። ግን አንቺ ከአገር ከወጣሽ ብዙ ዓመትሽ ነው፤ ይህን ከየት ታስታውሺዋለሽ።

የቆዳዬን ጥቁረት እንደ ሌላው ሰው አላጠራሁትም። ግንባሬ ላይ ያለችውን ጠባሳም አላጠፋኋትም፤ ቤዛዊት ጡት ስትጠባ በጣቷ ትነካት ነበር። ጳጉሜንን ስልኬን ቻርጅ አድርጌ እጠብቃለሁ።

እህትሽ እመቤት


ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለትዝታ። እንኳን አደረሰሽ። እንቁጣጣሽ አለፈ። መስቀልም አለፈ። የእንቁጣጣሽ ዕለት ስልኬን ይዤ ነው ቤተ ክርስቲያን የቆምኩት፤ ሰው ተቆጣኝ። እደውላለሁ፣ አታነሺም። ፎቶው ደርሷል? እሱን ብቻ ንገሪኝ።

እመቤት


ቦሎኛ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእመቤት። ጤና ይስጥልኝ። ፎቶው በጊዜው ደርሷል። በጣም ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽዋል፤ ያየው ሰው ሁሉ አመስግኗል። ቤዛዊት ደህና ናት፣ ተረጋግታለች። አትደውይ። የእናቴን የዐይን ጠብታ በሰዓቱ አድርጊላት።

ትዝታ


ደብረ ታቦር፣ ኅዳር 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ትዝታ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን።

ዛሬ ፖስታ ቤት በእናትሽ ስም የመጣ ደብዳቤ ሰጡኝ። ጽሕፈቱ የልጅ ነው፤ ፊደሉ አንዱ ይወጣል አንዱ ይወርዳል። ቤት ስደርስ እናትሽ “ከትዝታ ነው? ነይ አንብቢልኝ” አሉኝ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። የተጻፈውን እንዳለ ገልብጬልሻለሁ፦

“ለአያቴ። እንደምን አሉ? እኔ ቤዛዊት ነኝ። አማርኛ የምጽፈው ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነው፣ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። እናቴ እመቤት ስለሞተች እግዚአብሔር ያጽናዎት። ማሚ ትዝታ ስትነግረኝ አላለቀስኩም። ፎቶዋን ሳሎን ሲያቆሙት ነው ያለቀስኩት። ግንባሯ ላይ ያለውን ምልክት ነካሁት፣ አስታወስኩት። ቄሱ መጥተው ፍትሐት አደረጉላት። አሁን እርስዎን ማን ነው የሚያበላዎት? እኔና እናቴ የተነሳነውን ልኬልዎታለሁ። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ለማሚ አልነገርኳትም።”

ፎቶው ላይ ልጄ ጥቁር ለብሳ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። አጠገቧ እኔ አለሁ፣ ፍሬም ውስጥ፣ ከፊቴ ሻማ በርቷል። ቁመቷ አድጓል። ካሜራውን በቀጥታ ታያለች።

“አንብቢ እንጂ፣ ምን ሆንሽ?” አሉኝ እናትሽ።

አነበብኩላቸው። “ለአያቴ፣ እንደምን አሉ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ትምህርቴን በርትቻለሁ፣ እዚህ ብርድ ገብቷል ትላለች” አልኳቸው።

“ስለ እናቷስ ምንም አላለች?”

“እናቴን ሰላም በሉልኝ ብላለች።”

“ድምፅሽ ምን ሆነ?”

“ጉንፋን ነው።”

“ተባረኪ በያት። አልረሳችሽም፣ አየሽ” አሉኝ።

በገዛ እጄ አትሜ የላክሁት ነው። ደረጄ እየነገረኝ።

የነፍስ አባቴን ቄስ ገብረየሱስን ሄጄ ጠየቅኋቸው፤ በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት ቢደረግለት ምን ይሆናል አልኳቸው። “በቁሙ ፍትሐት የሚደረግለት መነኩሴ ነው፣ ከዓለም ሞተ ለማለት። ልትመነኩሺ አሰብሽ እንዴ? ጣራ ገዳም ሩቅ አይደለም” ብለው ሳቁ። ሳልስቅ ሲያዩ ተዉት።

አልሞትኩም። ለልጄ ንገሪያት። ከዚህ በፊት የለመንኩሽን ሁሉ ትቼዋለሁ፤ ይህን ብቻ ንገሪያት።

እመቤት


ቦሎኛ፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

እንኳን ለልደቱ አደረሰሽ፤ አምላክ ማስተዋሉን ይስጥሽ።

እንግዲህ አወቅሽ። ይሻላል፤ መዋሸት ሰልችቶኝ ነበር። የነገርኳት የእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። ልትደውልልሽ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ይዛ ተቀምጣ ነበር፤ ከዚያ በላይ ማቆየት አልቻልኩም።

ክፉ ናት ትያለሽ። አንቺ በየወሩ በ12 ልጅቷን ጥቂት ጥቂት ስትገድያት ነበር። እኔ አንቺን አንዴ ገደልኩሽና እሷ ተረፈች። አልቅሳ ወጣላት። ራሷን ማንሳቱንም ትታለች ብዬ ነበር፤ የመጨረሻዋን ለእናቴ ልካ ኖሯል። ትምህርት ቤት እንኳ “ሐዘን ከሆነ ይገባናል” ብለው አበባ ላኩልን። ከመጋቢት ጀምሮ ሲጠረጥሩኝ የነበሩት ሰዎች እጄን ይዘው አጽናኑኝ። ይህን ያደረገልኝ ያንቺ ፎቶ ነው።

አርባሽም ወጥቷል። ደህና ሰው መጣ፣ ምግቡ ተረፈ። ከሲሲሊ የመጣች አንዲት የጎጃም ሴት ፎቶሽ ፊት ቆማ “እንዴት ያለ የተባረከ ፊት ነበራት” ብላ አነባች። በሕይወትሽ እንዲህ ያለሽ ሰው ነበር?

አሁን “አልሞተችም” ብላት እኔን ትጠላኛለች፣ አንቺን ትፈራሻለች። ለአንድ ልጅ ሁለት እናት አይሆንም። እኔ ወረቀቱ አለኝ፤ አንቺም የነበረሽን ፎቶ ሰጥተሽኛል። ተይው። የሞተ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም።

አደራ፣ እናቴ ምንም እንዳትሰማ። ልቧ አይችለውም። እሷን ላንቺ ጥዬ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ፤ እንደ ወትሮሽ ሁኚላት።

ትዝታ


ደብረ ታቦር፣ የካቲት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትናንት ከቀትር በኋላ ነው። ማታ መልስ ልጽፍ ተቀምጬ ምንም አልመጣልኝም። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ያደረግሁትን ብቻ እጽፍልሻለሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳሁ። ውኃ አሙቄ እናትሽን አጠብኳቸው፣ ጸጉራቸውን አበጠርኩላቸው፣ የላክሽላቸውን ሹራብ አለበስኳቸው።

“ወዴት ልትወስጂኝ ነው?” አሉኝ።

“ፎቶ ተነስተን ለትዝታ እንላክላት ብዬ ነው።”

“እሰይ። ስቄ ልነሳ? እሷ ሳቅ ትወዳለች።”

“አዎ፣ ይሳቁ።”

“ጥርስ እንኳ የለኝም” ብለው እዚያው ሳቁ።

በባጃጅ ሄድን። ደረጄ ገና አልመጣም ነበር፤ ቁልፉ እኔ ጋ ነው። እናትሽን ፀሐይ ላይ አስቀምጬ ማተሚያውን አበራሁ። ከዚህ ቀደም ለእናትሽ ከላክሽው ፎቶ ላይ የአንቺን ፊት ብቻ ለይቼ ወሰድኩ። ጀርባውን ነጭ አደረግሁ። ሠላሳ በአርባ አተምኩት። ማተሚያው አላበላሸብኝም፣ በመጀመሪያው ወጣ። ፍሬም ውስጥ አገባሁት፣ በጥጉ ላይ ጥቁር ሪባን አሰርኩ።

እናትሽን ዱካው ላይ አስቀመጥኳቸው። ነጠላዬን ዘቀዘቅሁ። ሰዓቱን አሥር ሰከንድ ላይ ሞላሁና ከኋላቸው ሄጄ ቆምኩ። አንቺን ደረቴ ላይ ያዝኩሽ። ካሜራው ሲቆጥር ጢጥ ጢጥ ይላል።

“ተነሳሁ?” አሉኝ።

“ገና ነው።”

“አንቺስ አለሽበት?”

“አለሁበት።”

“ሳቂ እንግዲህ” አሉኝ። ተነሳ።

ፎቶው እዚህ ውስጥ አለልሽ። እናትሽ አፋቸውን ከፍተው ይስቃሉ። ከበላያቸው ያንቺ የለቅሶ ፎቶ አለ፣ ከሱ በላይ የእኔ ፊት። ምንም አልነገርኳቸውም። ኃጢአት ነው እንዳትይኝ፤ ፍትሐት አስደርገሽልኛል፣ የፈጸምኩት ሁሉ ተፈቶልኛል።

ወደ ቤት መልሼ ቂንጬ ሠራሁላቸው፣ የዐይናቸውን ጠብታ አደረግሁላቸው፣ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። እንደ ወትሮዬ ነኝ።

ከዚያ ወደ ፎቶ ቤቱ ተመልሼ ያንኑ ፎቶ አንድ ሌላ አተምኩ፣ በትልቁ። መንገድ ዳር ያለው መስኮት ላይ፣ የተመራቂዎችና የሙሽሮች ፎቶ በሚሰቀልበት፣ መሃል ላይ ሰቀልኩት። ፊቱን ወደ ውስጥ፣ ጀርባውን ወደ መንገዱ አድርጌ። አሁን የሚያልፈው ሰው የሚያየው ነጭ ወረቀት ነው። ደረጄ ሲመጣ “ተገልብጧል እኮ እትዬ” አለኝ። “ቀኑ አልደረሰም” አልኩት። 

መጋቢት 12 ሚካኤል ነው። እስከዚያ ዕለት ማታ ድረስ ልጄ በራሷ አንደበት ትደውላለች፣ እኔም አለሁ እላታለሁ። ካልደወለች በ13 ጠዋት ፎቶውን አዞረዋለሁ። እናትሽ አያዩትም። የሚያየው ከተማው ነው፤ ከሰዓት በፊት እድሩ ከድንኳኑ ጋር እናትሽ ደጅ ይደርሳል። እኔም በሩ ላይ ቆሜ አስገባቸዋለሁ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ አምስት ሰዓት ሆኗል። ፖስታውን አሽጌ ለደረጄ እሰጠዋለሁ፤ ወደ ፖስታ ቤት ይዞት ይሄዳል። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ፣ ከፊቴ አደርገዋለሁ። የፎቶ ቤቱን በር ከፍቼ እቀመጣለሁ።